በሚስቱ የተመረመረ ባል

በሀገራችን የሕክምና መጽሐፍ የማያውቀው አንድ የምርመራ ዓይነት አለ። ካርድ አይወጣለትም፤ ወረፋ የለውም፤ መርፌ አይነካበትም። ተመርማሪው ከሥራው ሳይቀር፣ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ቡናውን ፉት እያለ ውጤቱን ይቀበላል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ሚስት ታረግዛለች። ለክትትል ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ከሌላው ምርመራ ጋር የኤች አይ ቪም ይደረግላታል። «ነፃ ነሽ» ትባላለች። ቤቷ ገብታ ለባሏ ትነግረዋለች። ባል «ተመስገን» ይላል፤ በቃ፣ እሱም ተመረመረ። ከዚያ ወዲያ ማንም ቢጠይቀው መልሱ አንድ ነው፦ «እኛ እኮ ተመርምረናል።»

ይህችን «እኛ» የምትል ቃል ልብ በሉልኝ። የዛሬው ጨዋታችን በእሷ ላይ ነው።

እንዲህ የሚለው ያልተማረ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዲግሪውን ሳሎን የሰቀለ፣ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ስለ ዓለም ፖለቲካ ቢጠይቁት ወሬ የማያልቅበት ሰው ሲናገረው ሰምቻለሁ። ይኸው ሰው መኪና ካለው ዘይቱን በጊዜው ያስለውጣል። «የጎረቤቴ መኪና ዘይት ንጹሕ ስለሆነ የእኔም ንጹሕ ነው» አይልም። ቢል እንኳ ጋራዥ ያሉት ልጆች ይስቁበታል። ስለ ደሙ ሲሆን ግን ከሌላ ሰው ጣት የወጣችውን ጠብታ አምኖ ዓመታት ይኖራል፤ የሚስቅበትም የለም።

በአንድ ጤና ጣቢያ የእናቶች ክፍል ለዓመታት የሠራች የማውቃት ሲስተር አለች። ስለዚሁ ነገር አንስቼባት ነበር።

«ባሎቻቸውን ይዘው እንዲመጡ እንነግራቸዋለን» አለችኝ። «አንዳንዷ ብቻዋን ተመልሳ ትመጣና ‹ያንቺ ከታወቀ የእኔ ምን ያደርጋል ብሎኛል› ትለናለች።»

«እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

«ምን እንላለን? ውጪ ስንት ሰው ተሰልፎ! ቀጣዩዋን እንጠራለን።»

ባልየው የሚያስበው ሲሰሙት ያሳምናል። አንድ አልጋ፣ አንድ ማዕድ፣ አንድ ትዳር። በእኔ ደም ውስጥ ቢኖር ኖሮ እሷን አይለቃትም ነበር፤ እሷን ካልያዛት እኔም የለብኝም ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ችግሩ ስሕተት መሆኑ ነው። ኤች አይ ቪ እንደ ጉንፋን አንድ ቤት ሲገባ ሁሉንም የሚያዳርስ በሽታ አይደለም። በኡጋንዳ ራካይ በሚባል አውራጃ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ወደዚያ ገጠር ባልደረሰበት ዘመን፣ አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው፣ ሌላቸው የሌለባቸው 415 ጥንዶች እስከ 30 ወራት ድረስ ክትትል ተደረገባቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነፃ ከነበሩት መካከል 90ዎቹ ተያዙ። 325ቱ ግን ክትትሉ እስኪያበቃ አልተያዙም ነበር። እነዚህ ሰዎች አብረው የሚኖሩ ጥንዶች ናቸው። እንግዲህ ከ325ቱ ውስጥ በአንዷ ውጤት ባሏ ቢተማመን ኖሮ ምን ሊሆን ነበር? «ነፃ ነኝ» እያለ ቫይረሱን ተሸክሞ ይዞራል ማለት ነው። በሀገራችንም በተደረጉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች፣ ቫይረሱ ከተገኘባቸው ጥንዶች በብዙዎቹ የተገኘው ከሁለቱ በአንዳቸው ብቻ ነው።

ይህን ሰምቶ «እንዲያውማ ቶሎ አይተላለፍም!» ብሎ የሚጽናና እንዳይኖር። 90 ሰው 90 ሰው ነው። የመተላለፉ ነገር የዕጣ ጨዋታ ቢመስልም ከበስተጀርባው ምክንያት አለ። ዋነኛው በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ነው። በዚያው በራካይ ጥናት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ደማቸው ውስጥ የቫይረሱ መጠን ከ1,500 በታች ከሆነ ሰዎች ወደ ትዳር ጓደኛቸው የተላለፈ አልተገኘም። መጠኑ ከፍ እያለ ሲሄድ መተላለፉም ከፍ ይላል። መጠኑ እጅግ የሚበዛው ደግሞ ሰውየው በተያዘ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ሕመሙ በጠናበት የመጨረሻው ዘመን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተራው ምርመራ ቫይረሱን ገና ላያሳይ ይችላል። የአባላዘር ቁስል ካለ በሩ ይሰፋል። ኮንዶም በሩን ይዘጋል። የወንድ ግርዛት፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ በተደረጉ ሦስት ጥናቶች እንደታየው፣ ወንዱ ከሴት የመያዝ ዕድሉን 60 በመቶ ያህል ይቀንስለታል፤ ጨርሶ ግን አይከለክልም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በሚስት ወረቀት ላይ የሚጻፍ አንድም የለም። የሚስት ወረቀት የሚናገረው ስለ ሚስት ብቻ ነው። እሱንም የሚናገረው ስለዚያች ቀን፣ ያውም ስለ ቅርቡ ጥቂት ሳምንታት ዝም ብሎ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይኼ ነው። በሦስት ወሯ ተመርምራ «ነፃ ነሽ» የተባለች ነፍሰ ጡር፣ ያልተመረመረ ባሏ ቫይረሱ ካለበት በስድስተኛው ወር ወይም ልጇን እያጠባች ልትያዝ ትችላለች። አዲስ የተያዘ ሰው የቫይረስ መጠኑ ከፍተኛ ነው ብለናል። ስለዚህ ለሕፃኑ እጅግ አደገኛው ጊዜ ያ ነው። ጤና ጣቢያው ግን መዝገቡን ገልጦ «ይቺማ ነፃ ናት» ይላል። ለልጁ መከላከያ የሚሆነው መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ፣ ልጁ አጠገቡ ያልፋል። አባትየው ለአንድ ጠዋት ጣቱን አልሰጥም ባለ ልጅ ይከፍላል።

አሁን ገጹን እንገልብጠው። ያችው ሚስት፣ ያው ጤና ጣቢያ፣ ያው መርፌ፤ ውጤቱ ግን ፖዘቲቭ ነው እንበል። «እኛ» የምትለው ቃል ወዲያው ትጠፋለች። በቦታዋ «አንቺ» ትገባለች። «ከየት አመጣሽው?» ትላንት በእሷ ጣት የተመረመረው ሰው ዛሬ «የእሷ ደም ሌላ፣ የእኔ ደም ሌላ» ይላል። ውጤቱ መልካም ሲሆን የጋራ ንብረት፣ ክፉ ሲሆን የግል ዕዳ! አማት ትሰማለች፤ እኅት ትሰማለች፤ ጎረቤት ቡና ላይ ያነሳዋል። ቀድማ ያወቀችው ቀድማ እንዳመጣችው ተደርጎ ይቆጠራል። የተመረመረችው ስላረገዘች መሆኑን፣ እሱ ያላወቀው ስላልተመረመረ መሆኑን የሚያስታውስ የለም። በራካዩ ጥናት ከነበሩት 415 ጥንዶች በ228ቱ ቫይረሱ የነበረው በወንዱ ደም፣ በ187ቱ ደግሞ በሴቷ ደም ውስጥ ነበር። ማን ቀድሞ ተመረመረ የሚለው ማን አመጣው የሚለውን አይመልስም።

ይህ ፍርድ ደግሞ የሚያበቃው በአንድ ቤት ጭቅጭቅ አይደለም። ይህን ያየች ሴት ውጤቷን ትደብቃለች። መድኃኒቷን ከጤፍ ዕቃ ሥር ትቀብራለች፤ እንግዳ ሲመጣ ትዘላለች፤ ባል ክፍለ ሀገር ይዟት ሲሄድ ትታው ትሄዳለች። ይህን የሰማች ጎረቤቷ ደግሞ መመርመሩን ራሱ ትተወዋለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን እንተርታለን፤ የማያስደብቅ ቤት ግን አልሠራንም።

ይህ አስተሳሰብ ከሰማይ አልወረደብንም፤ ተምረነዋል። በሀገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት በየግድግዳው የተለጠፈውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ የራስ ቅል፣ አጥንቱ የወጣ ሰው፣ ቡና ቤት ደጃፍ የቆመች ሴት። ቀጥሎ ደግሞ «ተጋላጭ የኅብረተሰብ ክፍሎች» የሚባል ዝርዝር መጣ። ሴተኛ አዳሪ፣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ወታደር፣ የቀን ሠራተኛ። ባለሙያው ዝርዝሩን ያወጣው ያለችውን ጥቂት ገንዘብ የት እንደሚያውላት ለማወቅ ነው፤ እውነትም በሽታው በእኩል አልተከፋፈለም። መንገድ ላይ ያለው ሰው ግን የፈተና ውጤት በተለጠፈበት ሰሌዳ ሥር እንደቆመ ተማሪ ነው ያነበበው። ልዩነቱ ይህኛው ተማሪ ስሙን ሲያጣ ደስ ይለዋል። «ሾፌር አይደለሁም፤ ቡና ቤት አልገባም፤ ቤተሰብ አለኝ፤ ስለዚህ እኔን አይመለከትም።»

ቁጥሩ ግን ሌላ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች 1.2 በመቶ፣ ከወንዶች 0.6 በመቶ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። ሴቶቹ በእጥፍ ናቸው። በከተማ 2.9 በመቶ፣ በገጠር 0.4 በመቶ ነው። እነዚህ ሴቶች ሁሉ ዝርዝሩ ላይ አሉ? የሉም። ብዙዋ ከባሏ ሌላ ወንድ የማታውቅ፣ ጾሟን የምትጾም፣ ዕቁቧን የምትጥል ሴት ናት። ተጋላጭ ያደረጋት የእሷ አመል አይደለም፤ ማታ በር የምትከፍትለት ሰው ነው። እሱ ደግሞ በእሷ ተመርምሯል!

ከሚስት ምርመራ ሌላ ሁለት ዘመዶቹን ላንሳ። አንዱ የዓይን ምርመራ ነው። «እንዴ፣ እሱ እኮ ወፍሯል!» «እሷማ ፊቷ ጥርት ያለ ነው!» እንላለን። ቫይረሱ ያለ ሕክምና ሰውን እስኪጥል በአማካይ ከ8 እስከ 10 ዓመት ይቆያል። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰውየው ይወፍራል፣ ይደንሳል፣ ይዳራል። ሁለተኛው የሠርግ ወረቀት ነው። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ጥንዶቹን «ተመርምራችሁ ኑ» ማለቱ ደግ አድርጓል። እኛ ግን ያችን ወረቀት ከቬሎው ፎቶ ጋር አልበም ውስጥ አስቀመጥናት። ሠርጉ አሥር ዓመት አለፈው፤ ልጆቹ ሦስተኛ ክፍል ገቡ፤ ወረቀቷ ግን እስከ ዛሬ ትሠራለች። የነጃጅ ፈቃድ እንኳ ይታደሳል!

እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ያመዋል። ያን ጊዜ የሚሄድበትን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ይባላል። ቀጥሎ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። አልሻል ሲለው ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ይገዛል። ከዚያ ክሊኒክ ይሄድና እንደ ሀገሩ ወግ «ታይፎይድና ታይፈስ» ይባላል። ጎኑ ላይ የሚያቃጥል ሽፍታ ይወጣበትና «አልማዝ ባለጭራ ነው፤ ሐኪም ቤት አይወድም» ተብሎ ባሕል ሐኪም ጋ ይወሰዳል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። አልማዝ ባለጭራ በጎልማሳ ዕድሜ ላይ ባለ ሰው ሲወጣ፣ ኤች አይ ቪ ለመመርመር ምክንያት ከሚሆኑ ምልክቶች አንዱ ነው። ብዙ ጊዜም የሰውነት አቅም ጨርሶ ሳይወድቅ የሚመጣ ነው። በር የሚያንኳኳ ማስጠንቀቂያ ነው እንግዲህ። እኛ ግን የሚያንኳኳውን «ሂድ፣ ሰው የለም» ብለን እንመልሰዋለን።

ከዚያ ሳል ይመጣል፤ ክብደት ይቀንሳል፤ ላብ ሌሊት አንሶላ ያረጥባል። የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ሲደርስ ነው አንድ ሰው «ኤች አይ ቪ ተመርምረህ ታውቃለህ?» የሚለው። መልሱን ታውቁታላችሁ። «ሚስቴ ተመርምራለች።»

ያን ቀን የሚለካው ሲዲፎር የሚባለው ነገር ነው፤ በሽታ የሚከላከሉልን የነጭ የደም ሴሎች ቁጥር። ጤነኛ ሰው ከ500 በላይ ይኖረዋል። ከ200 በታች ሲወርድ የዓለም ጤና ድርጅት «የተራቀቀ የኤች አይ ቪ ሕመም» ከሚለው ደረጃ ደርሷል ማለት ነው። ነቀርሳ፣ ፈንገስ የሚያመጣው ማጅራት ገትር፣ የአንጎል ኢንፌክሽን የሚገቡት ያኔ ነው። መድኃኒት ቢጀመርም የመጀመሪያዎቹን ወራት የማያልፉ ብዙ ናቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንል ሕዝቦች ነን፤ ይህንን በሽታ ግን ቤቱ ከነደደ በኋላ በቅጠል ልናጠፋው እንሞክራለን። በሀገራችን 600 ሺህ ገደማ ሰዎች ቫይረሱ በደማቸው ይገኛል። መድኃኒቱ በነፃ እየታደለ፣ በየዓመቱ 10 ሺህ ያህል ሰው አሁንም ይሞታል።

«ብመረመርስ ምን አገኛለሁ? ጭንቀት ብቻ» የሚል ይኖራል። ይህን የሚለው ሰው ሰዓቱ ቆሞበታል። ድሮ እውነቱን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005 በፊት መድኃኒቱ ገንዘብ ላለው ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት በነፃ መታደል ሲጀምርም የሚሰጠው ሲዲፎሩ ለወረደ ሰው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያውን በ2010 ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ አደረገው። በ2015 ጣሪያውን አንሥቶ፣ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ወዲያው ይጀምር አለ። ሀገራችንም ተከተለች። ዛሬ በጊዜ ያወቀና መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ዕድሜው ከሌላው ሰው ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ ነው። ሌላም አለ። በ14 የአውሮፓ ሀገሮች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው 888 ጥንዶችን ተከታትሎ ነበር። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከምርመራ በታች ካወረደው ሰው ወደ ጓደኛው የተላለፈ አንድም አላገኘም። ስለዚህ በትዳር ውስጥ የሚያስፈራው ቫይረሱ እንዳለበት አውቆ መድኃኒቱን የሚወስደው ሰው አይደለም። የሚያስፈራው ያላወቀው ነው።

በሀገራችን ከተሞች እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 የተደረገው ጥናት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ቫይረሱ ከተገኘባቸው ጎልማሶች 79 በመቶዎቹ ያውቁ ነበር። ካወቁት ውስጥ 97 በመቶዎቹ መድኃኒት ላይ ነበሩ። መድኃኒት ላይ ካሉት 88 በመቶ ገደማ ቫይረሱ ተዳክሞላቸዋል። ትልቁ ቀዳዳ የመጀመሪያው በር ላይ ነው። መድኃኒቱ አለ፤ ያወቀ ሰው ይወስዳል፤ ችግሩ ማወቁ ነው።

ጠበል የሚያምኑትን ልነካ አልፈልግም። በእንጦጦ ማርያም ተጠምቀው የተጽናኑ ብዙ ናቸው። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። እምነትን ለመዘግየት ሰበብ ማድረግ እንግዲህ ከእምነት አባቶች የመጣ አይደለም፤ የራሳችን ፈጠራ ነው።

ለባሎችም ፍርድ ልስጥ። የእናቶች ክፍል ለወንድ የሚመች ቦታ አይደለም። አግዳሚው ላይ አሥር ነፍሰ ጡሮች ተደርድረው አንድ ወንድ መሐላቸው ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ጤና ጣቢያው የሚከፈተው እሱ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ነው። የቀን ሠራተኛ ግማሽ ቀን ከጠፋ የዕለት እንጀራው ይጎድላል። የጤና ሥርዓቱም ቢሆን ወንዱን በሚስቱ በኩል በመልእክት መጥራት ለምዶበታል፤ «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ብሎ ሸክሙን እሷው ላይ ጭኗል። ለወንድ የሚመች ሰዓትና ቦታ ማዘጋጀት፣ በአፍ ፈሳሽ ራስን በራስ መመርመሪያውን በሰፊው ማዳረስ የሥርዓቱ ዕዳ ነው። ይህም ዕዳ እየከበደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ እንዳየነው፣ ደጃችን ድረስ መጥቶ የሚመረምረን ሰው ደመወዙ ከሩቅ ሀገር ሊቀር ይችላል።

ሥርዓቱ እስኪስተካከል ግን ባል እንደ ወትሮው በሚስቱ ይመርመር ማለት አይደለም። እሷ የደረሰችበት ጤና ጣቢያ እሱም ይደርስበታል። ሁለቱ አንድ ቀን፣ አንድ ክፍል ገብተው ቢመረመሩ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን «ከየት አመጣሽው» የሚለው ጥያቄ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል፤ «እኛ» የምትለዋም ቃል ያን ጊዜ እውነት ትሆናለች። ከዚያ በፊት ግን ጣት ተወክሎ አያውቅም። ውክልና የሚሰጠው ለቤት ካርታና ለመኪና ሊብሬ ነው።